ካርታ ላይ የሌለው ሰርቪስ

ቦሌ ተወልጄ ቦሌ ነው ያደግኩት ስል የሰው ፊት ይለወጣል። አንዳንዱ ጫማዬን ያያል፣ አንዳንዱ ምሳ እንድጋብዘው ይጠብቃል። ቁጭ ብዬ ለማስረዳት ትዕግሥቱ የለኝም። ያደግኩት መድኃኔዓለም ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ጓሮ ላይ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ውስጥ ነው። ቪላው የእኛ ነበር። ሰርቪሱም የእኛ ነበር። ቪላው ውስጥ ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይኖርበታል።

ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ይሄ አይደንቀውም። ያኔ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ያቆማል፤ ሲሚንቶውንም ሚስቱንም ልጁንም እዚያ ያስገባና ዋናውን ቤት እንደ አቅሙ ቀስ እያለ ይሠራል። አባቴም እንደዚያ አደረገ። ዋናው ቤት ሲያልቅ ግን እኛ አልገባንበትም፤ ተከራይ ገባበት። አባቴ «ለጊዜው ነው» አለ። ያ ተከራይ ሲወጣ ሌላ ተተካ፣ እሱም ሲወጣ ሌላ። አባቴ «ለጊዜው» እንዳለ ሞተ፤ አስከሬኑ የወጣውም ከሰርቪሱ ነው።

ያንን ቪላ አልወደውም። ልጅ ሆኜ ፊት ለፊቱ መሮጥ ክልክል ነበር፤ ተከራዮቹ ይረበሻሉ። እንግዳ ሲመጣባቸው ልብስ ማስጣት ክልክል ነበር፤ የእኛ ቡትቶ ይታያቸዋል። በገዛ ግቢያችን አጥሩን ታክከን፣ ድምፃችንን አጥፍተን ነበር የምናልፈው። እናቴ ቪላው ውስጥ ጉዳይ ሲኖራት፣ ውሃ መጣ ለማለትም ቢሆን፣ በጎን በኩል ወዳለው የኩሽና በር ትሄዳለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ታንኳኳለች፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ትጠብቃለች። እኔ ኋላዋ ቆሜ እቃጠላለሁ። የራሷን በር የምታንኳኳ ባለቤት ከእናቴ በቀር አላየሁም። እሷን ግን አይቆጫትም ነበር፤ «ቤቱ ያበላን የለ፣ ምን አድርጊ ነው የምትይኝ» ትለኛለች።

አድጌ፣ አግብቼ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከገባሁ በኋላም እናቴ እዚያው ሰርቪስ ውስጥ ቀረች። አባቴ ጭቃውን ራሱ ረግጦ የመረገው ግድግዳ፣ ደጃፉ ላይ ጤና አዳም፣ መስኮቱ ሥር አልጋዋ። ከዚያ ሌላ ምንም አልፈለገችም። እኔም ከዚያ ልትነቀል ትችላለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

የመጨረሻው ተከራያችን የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ኪራዩን በሰዓቱ ይከፍላል፣ እናቴን «እትዬ» ይላታል፣ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ ለመጣላት ምክንያት አይሰጥም። አንድ ቀን ግን ሰጠኝ። «እትዬ፣ ለመኪናዋ ትንሽ ጥላ ነገር ላቁም?» ብሎ ጠየቃት። እናቴም «አቁም ልጄ፣ እኔን ምን ቸገረኝ» አለችው።

በሚቀጥለው እሑድ ስመጣ ትንሿን ጥላ አየኋት። ከኩሽናው በር ጀምሮ በቤቱ ጎንና በአጥሩ መሀል ያለውን ቦታ በሙሉ ሸፍና፣ በብረት ምሰሶ ቆማ፣ ሰማያዊ ኢጋ ቆርቆሮ ለብሳ፣ እስከ እናቴ ደጃፍ ድረስ ትዘልቃለች። ሁለት መኪና ከነአፍንጫቸው ከሥሯ ተኝተዋል። የእናቴ ክፍል በጠራራ ፀሐይ መብራት ይፈልጋል። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ውሃ እንዳለ ደጇ ላይ ይወርዳል፤ ጤና አዳሙ ሥሩ ታጥቦ ወድቋል። ጠዋት መኪናው ሲነሣ ጭሱ በመስኮቷ ይገባል።

የኩሽናውን በር በቡጢ መታሁት። ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እህቴ፣ አስፈቅጄ ነው እኮ።»

«ጥላ ነው ያልካት።»

ቀና ብሎ አየውና «ታዲያ ጥላ አይደለም?» አለኝ። ሲያሾፍ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከልቡ ነው።

እናቴ እንድጮህ አልፈለገችም። ዕድሜዋን የገፋችው በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ በሕይወቷ ከሰው የተጣላችው ጮኻ ሳይሆን አመልክታ ነው። «አገሩ ላይ ደንብ አለ» አለችኝ። «ወረዳ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ መጥተው ያዩታል።» አትሂጂ አልኳት። ስለ ሰርቪሱ የታየኝ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ቢሮ የሚባል ነገር አይጥመኝም፣ ያ ብቻ ነው። የአውደ ዓመት ቀሚሷን ለብሳ፣ ዣንጥላዋን ይዛ ሄደች። እዚያም አንዲት ጎረቤት እንደመከረቻት «ግቢዬ ውስጥ ያለ ደንብ የተሠራ ነገር አለ» ብላ አመለከተች። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው። አልተሳሳተችም።

የመጡት አንድ ደንብ አስከባሪና አንዲት ወጣት መሐንዲስ ናቸው። እናቴ ወንበር አወጣችላቸው፣ ውሃ አቀረበችላቸው። መሐንዲሷ ጥላውን በሜትር ለካች፣ ምሰሶውን ነቀነቀች፣ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ከዚያ ካርታውንና ፕላኑን ጠየቀች። እናቴ ፕላኑን ከሻንጣዋ በኩራት አውጥታ ሰጠቻት፤ መሐንዲሷም በተከራዩ መኪና ኮፈን ላይ ዘረጋችው። መስመሩን በጣቷ ተከትላ ጓሮው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እማማ፣ ጥላው ግድግዳ የለውም» አለች። «ተፈቶ ይነሣል። ባለንብረቷ እርስዎም ፈቅደዋል። ውሃው ወደ እርስዎ እንዳይመጣ አሸንዳ እንዲያስገባ እናደርጋለን። እሱ ቀላል ነው። የዚህኛው ነገር ነው እንጂ።»

«የቱ?» አለች እናቴ።

«የቆሙበት።»

እናቴ ደጃፏ ላይ ነበረች። ዞር ብላ ቤቷን አየችው፣ ሌላ ነገር ከኋላዋ የመጣ ይመስል። ፕላኑ ላይ የሰርቪሱ ቦታ ባዶ ነበር። ከፕላኑ ጋር የተያያዘው የድሮ ፈቃድ ላይ ደግሞ ለግንባታ ዕቃ ማስቀመጫ ተብሎ ነው የተፈቀደው፤ ዋናው ቤት ሲያልቅ ይፈርሳል ይላል። አባቴም ፈርሞበታል።

«ልጄ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ሳይቀየር፤ «እኔ እዚህ የገባሁት ከፕላኑ በፊት ነው።»

«ይገባኛል እማማ። ግን ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚለው።»

«ዕቃው እኔ ነኛ።»

ደንብ አስከባሪው ሳቀ፤ መሐንዲሷ ግን አልሳቀችም። «ማዘር፣ ይሄን የሚያህል ቤት እያለዎት ምን ያስጨንቅዎታል?» አለ ሰውየው ወደ ቪላው እያመለከተ። «ይግቡበታ።»

«ሰው አለበት» አለችው እናቴ። ለእሷ ይሄ በቂ መልስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን የቢሮ ምልልስ አልተርከውም። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ ፊልድ ወጥቷል፣ አንዷ የምትለኝ ሁሉ «ሲስተም የለም» ነው። ሃያ ሁለት ካለው መሥሪያ ቤቴ ፈቃድ እየጠየቅኩ ስመላለስ ሰንብቼ በመጨረሻ የተነገረኝ ሰርቪሱ ከአጥሩ ጋር ተጣብቆ ስለተሠራ፣ ግድግዳውም ጭቃ ስለሆነ፣ ወደ ሕጋዊ አይዞርም የሚል ነው። የነገረኝ ልጅ በጣም ትሑት ነበር። ውሃ ላምጣልሽ ወይ አለኝ። አልፈልግም አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

የሰርቪሱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ኤክስ አደረጉበት። እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ልታስለቅቀው ሞከረች፣ ጭቃው አብሮ ተፋቀ እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም።

ሊያፈርሱ የመጡ ዕለት ጠዋት ስደርስ ዕቃው ወጥቶ ግቢው ላይ ተበትኗል፣ እናቴ ውስጥ ናት። ምን እያደረገች ነው ብዬ ብገባ ባዶውን ቤት እየጠረገች ነው። ዲጂኖ የያዙት ሰዎች ደጅ ቆመው ይጠብቋታል። ጥርጊያውን ሰብስባ አወጣችና «ግቡ» አለቻቸው። እኔ እዚያው አለቀስኩ፣ በንዴት። የአባቴ ግድግዳ አልታገላቸውም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመቶ ተደረመሰ፣ ጭዱ ብቻ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቅ ነበር።

ተከራዩ ያን ዕለት ከሥራ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ ያደረገው አቧራ እንዳይነካቸው መኪኖቹን ሸራ ማልበስ ነው። ቀጥሎ እጅጌውን ሰብስቦ የእናቴን አልጋ ተሸከመ። ለሸራውም ለአልጋውም እኩል ጠላሁት።

«የት ላድርገው እትዬ?» አላት።

እናቴ ግራ ቀኙን አየች። ፍርስራሽ፣ አጥር፣ ቪላ። «እዚህ» አለች። መኪናው ከቆመበት አጠገብ፣ ሰማያዊው ቆርቆሮ ሥር።

ወደ እኔ ቤት እንሂድ አልኳት። አራተኛ ፎቅ በጉልበቷ እንደማትወጣ፣ ከወጣችም ሰው ተሸክሞ ካላወረዳት እንደማትወርድ ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። እንግዲያው ይሄን ሰውዬ አስወጪልኝ አልኩ። ውሉ አላለቀም፣ ምን አጠፋ ብዬ፣ አለችኝ። ታዲያ እዚህ ምን ልትሆኚ ነው ብዬ ጮኽኩባት።

«ግድግዳ የለውም» አለች አንሶላዋን እያነጠፈች። «ግድግዳ የሌለው አይፈርስም ብለዋል።»

ግድግዳ የሌለው ደግሞ ንፋስ ያስገባል። በማግስቱ እናቴ ወደ እድሯ ሄደች። የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ቤቱ ለተቃጠለበት ወይም ጎርፍ ለወሰደበት አባል ድንኳን ይፈቅዳል። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ተቸገሩ። «ቤትሽን እሳት አልነካውም፣ ጎርፍም አልመጣም» አሏት።

«የተቃጠለበትም የፈረሰበትም የሚያድረው ውጭ ነው» አለቻቸው።

ተማክረው ሰጧት። ለሐዘን እንደሚሰጠው ሁሉ እስከ ሣልስቱ ብቻ፤ ያም ደንብ ነው። አረንጓዴውን ሸራ አምጥተው በጥላው ምሰሶዎች ዙሪያ አሰሩት፣ አግዳሚ ወንበሩንም እንደ ልማዳቸው ደረደሩት። እኔ ያኔ ምን እንደሚከተል አልገባኝም ነበር። እናቴ ገብቷት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የእድር ድንኳን ያየ ሰው አያልፍም። በሩ ክፍት ነበርና መጀመሪያ የገባችው ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ የማናውቃት ሴት ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዕንባዋን አዘጋጅታ፣ እናቴ አጠገብ ተቀመጠችና በሹክሹክታ «ማን ነው ያረፈው?» ብላ ጠየቀች።

«ቤቴ ነው» አለቻት እናቴ።

ሴትየዋ ድንኳኑን፣ አልጋውን፣ በሸራው ክፍተት የሚታየውን ፍርስራሽ አየች። ከዚያ ከልቧ አለቀሰች። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሞላ። ሰው ንፍሮ ቀቅሎ መጣ። ከጎሮ፣ ከገርጂ ዘመድ እየደወለ «ማን ሞተ?» ይላል፤ እኔ እየመለስኩ ተሰላቸሁ። ያ «ይግቡበታ» ያለው ደንብ አስከባሪ ሳይቀር በዚያ ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ኮፍያውን አውልቆ ገባ፤ የት እንደገባ ያወቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። መነሣት ነውር ሆነበት። ንፍሮውን አንድ አንድ እያለ በላ። ሲበላ ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም።

ተከራዩ ማታ መጣ። መኪናውን ውጭ ኮብልስቶኑ ላይ አቆመ፣ ቦታው ተይዟላ። ከመኪናው ወርዶ ወደ ቤቱ የሚገባው ሁልጊዜ በኩሽናው በር ነው፤ ወደ ኩሽናው በር የሚኬደው ደግሞ በድንኳኑ ውስጥ ብቻ ነው። ሐዘንተኛ ፊት ሳይቀመጡ ማለፍ በእሱም አገር ነውር ነው። ገባ፣ ከዳር ተቀመጠ፣ አንገቱን ደፋ። «ያጽናዎት እትዬ» አለ፣ ሌላ የሚባል አልመጣለትም። እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። አንድ ሰው ንፍሮ በእጁ አደረገለት። እሱ የሚያኝከው ብቻ ይሰማል።

በማግስቱም እንደዚሁ። ሚስቱና ልጆቹ በፊት ለፊቱ በር መውጣት ጀምረው ነበር፤ እሱ ግን፣ ይሄንን አልክድበትም፣ በጓሮ መምጣቱን አልተወም። ሲገባ ሰዉ የሚያወራውን ያቆማል። ሲነሣ ይቀጥላል። የሠራው የሕግ ጥፋት እንደሌለ አውቃለሁ። መሐንዲሷ አረጋግጣለታለች። ያም ሆኖ እዚያ ሲቀልጥ ማየት ጠገብኩ የማልለው ነገር ነበር።

በሣልስቱ ዕለት ሰው ሲበተን፣ የእድሩ ሰዎች ሸራውን መፍታት ጀመሩ። ተከራዩ ዛሬ ወደ ቤቱ አልገባም፤ እናቴ ፊት መጥቶ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ከፊት ለፊት ያለችውን ክፍል ልልቀቅልዎ። ይግቡ።»

«በገዛ ቤቴ እንግዳ አልሆንም» አለችው።

«እና እኔ ምን ላድርግ? ገበያ ላይ ሰው ሁሉ የባልቴቷን ቤት አስፈረስክ ይለኛል። እኔ ጥላ ነው የሠራሁት።»

«የተረፈኝ ያንተ ጥላ ነው» አለች እናቴ። በቀልድ ነው ያለችው ወይስ በምር፣ እሱም አላወቀም። ብድግ አለና ወደ እኔ ዞረ። «እለቅላችኋለሁ» አለኝ። «ውል አፍርሰው አስወጡት እንዳትባሉ፣ እኔ ነኝ ያፈረስኩት።»

ደስ አለኝ። እዚህ ላይ አላሳምረውም፣ ከልቤ ደስ አለኝ። ደህና ሁን እንኳ አላልኩትም።

ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ጥላውንም ፈታ። ቆርቆሮው የሱ ነው፣ በገዛ ገንዘቡ ነው የገዛው፣ መብቱ ነው። ሠራተኞቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሚስማሩን እየነቀሉ፣ አንዱን ቆርቆሮ ባነሡ ቁጥር እናቴ አልጋ ላይ ብርሃን ይወርዳል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ ታያቸው ነበር። ምሰሶዎቹ ብቻ ቀሩ። በለቡ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል፤ ክረምቱ ገብቷል።

ተከራዩ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ግቢው ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። ከተወለድኩ ጀምሮ ያ ቤት ባዶ ሆኖ አላየሁትም። መጋረጃ የለው፣ ድምፅ የለው፣ ውስጡ ሰው የለ። የመጀመሪያው ጠብታ አልጋው ላይ ወደቀ። ፍራሹን ጠቅልዬ ተሸከምኩና ወደ ፊት ለፊቱ በር፣ ልጅ ሆኜ ወደተከለከልኩት ደረጃ አመራሁ። ዛሬ በዚያ በር ካልገባን መቼ ልንገባ ነው ብዬ።

ዞር ብል እናቴ አልተከተለችኝም። በጎን በኩል ሄዳለች። ቧንቧው ጋ ጎንበስ ብላ የእግሯን ጭቃ ታጠበች። ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ የኩሽናውን በር አንኳኳች፣ እጇን አጣጥፋ ዝናቡ ላይ ቆማ ትጠብቃለች።

ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። በፊት ለፊቱ በር ሮጬ ገባሁ፣ የመብራቱን ማብሪያ አጣሁት፣ በጨለማው ግድግዳ እየዳሰስኩ ኩሽናውን ፈለግኩ። ስደርስ አሁንም እያንኳኳች ነበር። ከፈትኩላት።

ከደፉ ወዲያ እንደቆመች «ልግባ?» አለችኝ።